ገመዱን ነቅሎ ጩኸት መጠበቅ

ሆስፒታሉ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። ከገንዘብ ቤት እስከ በር ጠባቂው ድረስ «አይሆንም» ነው የሚሏት፤ ፊት ለፊት ሲያገኟት ደግሞ «እትዬ አይሆንም» ብለው ትንሽ ማር ይቀቡታል። እሷም አትቀየምም። ሃያ ሁለት ዓመት የኮምፒውተር ክፍል ይዞ የኖረ ሰው፣ በቀን አሥሬ «ይቺን ብቻ ቶሎ አድርጊልኝ» ሲባል ሌላ ምን ይላል? ሁሉንም እሺ ብትል ኖሮ እስካሁን ወይ እሷ አብዳ ነበር፣ ወይ ሆስፒታሉ የታካሚዎቹን ስም ረስቶ ነበር።

ሰኞ ጠዋት በሯ ላይ የተገተረው አለቃዋ ግን ይኼ ቃል ጆሮው ውስጥ የማይገባ ሰው ነው። ዕድሜው ከበኩር ልጇ ብዙም አይርቅም። ክፉ አይደለም፤ ችኩል ነው። ለእሷ ደግሞ ከክፉ ሰው ይልቅ ችኩል ይብስባታል፤ ክፉ ቢያንስ የሚያደርገውን ያውቃል። ስትረጋጋ «ክቡር ኃላፊ» ትለዋለች፤ ስትናደድ «ልጄ»። ቢሮው ሁሉ የቀኑን አየር የሚያውቀው ከዚህ ነው።

«እትዬ፣ የሦስተኛዋ ነገር እንዴት ሆነ? ዓርብ ጠዋት ማዋለጃ ክፍል ሥራ ትጀምራለች ብያለሁ።»

«ለማን ነው ያሉት፣ ክቡር ኃላፊ?»

«ለዋና አዋላጇ። ቃል ገብቻለሁ።»

«እኔን ሳይጠይቁ?»

«ይኸው እየጠየቅኩዎት አይደል!»

ሦስተኛዋ የሚሏት እንዲህ ናት። ከቢሮዋ ጀርባ ባለው ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ሻንጣ የሚያህል ግራጫ ሣጥን አለ፤ በውስጡ አራት ኮምፒውተሮች እንደ መሳቢያ ተደርድረው ተሰክተዋል። በሙያው እያንዳንዷን ኖድ ይሏታል። ሦስተኛዋ ኖድ ስድስት ዓመት ለራጅ ክፍል ስታገለግል ኖራ፣ ራጅ አዲስ ሲገዛለት ሥራ ፈት ሆነች። አሁን ተፈትሻ፣ ጸድታ፣ ባዶ ሆና ለማዋለጃ ክፍል ልትሰጥ ነው። እዚያ አዋላጆቹ እስካሁን በትልቅ መዝገብ ነው የሚጽፉት፤ ባለፈው ወር የሁለት እናቶች ወረቀት ተቀያይሮ ቀኑን ሙሉ ጉድ ፈልቶ ነበር። ስለዚህ ሥራው አስፈላጊ ነው። ይህን እሷም አትክድም።

ያገለገለች ኖድን ማዘጋጀት ተከራይ የለቀቀውን ቤት ለሌላ እንደማስረከብ ነው። አቧራው ይነፋል፤ ሰዓቷን የምትጠብቀው ክብ ባትሪ ትቀየራለች፤ ሚሞሪው ይፈተሻል፤ የድሮው ይለፍ ቃል ይነሣል፤ ከእኅቶቿ፣ ከሦስቱ ኖዶች ዝርዝር ላይ ስሟ ይሰረዛል። ይህ ሁሉ ቢበላሽ እንደገና ይሠራል። አንድ ነገር ብቻ መመለሻ የለውም፤ ዲስኮቹን ማጽዳት። ዲስክ በደንብ ከጸዳ በኋላ ብታለቅስበትም ብትስቅበትም ያው ነው። በማጽጃው ፎርም ግርጌ ላይ ደግሞ የመጨረሻው ፊርማ የእሷ ነው።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ይህን ፊርማ ፈርማ ታውቃለች። ክፍሎቹ ሁሉ «ዕቃችንን አውጥተናል» ብለው ስለፈረሙ አንዱን ማሽን አጸዳችው። በሦስተኛው ቀን ከደም ባንክ አንዲት ነርስ መጣች። ደማቸው በቀላሉ የማይገኝ ሰዎች ስምና ስልክ፣ ስንት ዓመት የተለቀመ፣ እዚያ ላይ ብቻ ነበር።

«ፈርማችኋል እኮ!» አለቻት።

«የፈረመው አለቃችን ነው። ዝርዝሩን የምይዘው እኔ ነኝ» አለች ነርሷ።

ያን መልሶ ለመሰብሰብ ሁለት ዓመት ፈጀ። ማንም እሷን አልወቀሳትም፤ ወረቀቱ ነጻ አውጥቷታል። እሷ ግን ራሷን ነጻ አላወጣችም፤ የዚያች ነርስ ፊት እስከ ዛሬ ድረስ ከዓይኗ አልጠፋም።

ከዚያ ወዲህ የራሷን መላ አበጀች። ከማጽዳቷ በፊት የኔትወርኩን ገመድ ትነቅልና ሥራዋን ትሠራለች። የሚፈልገው ሰው ካለ ይጮኻል። ከጮኸ ገመዱን መልሳ ትሰካለች፤ ካልጮኸ ታጸዳለች። ፊርማ ይዋሻል፣ ጩኸት ግን አይዋሽም ትላለች። መላውን ከመውደዷ የተነሣ ቤቷም ወስዳዋለች። ባለቤቱ ያልታወቀ ዕቃ ወደ ዕቃ ቤት ይገባል፤ ሳምንት ሙሉ ማንም ካልጮኸ አሮጌ ዕቃ ገዥው ይወስደዋል። የባሏ አሮጌ ጫማ በግማሽ ሰዓት ውስጥ አስጮኸ። የልጇ ጊታር ገና ከግድግዳው ሳይወርድ ቤቱን አናወጠው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ክንዱ የተሰበረውን የበረንዳ ወንበር አስገባች። እስካሁን ትንፍሽ ያለ የለም። ገዥው ቅዳሜ ይመጣል።

ሰኞ በሦስት ሰዓት የሦስተኛዋን ገመድ ነቀለች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁለት ቀን እግዜር ለጠላትም አይስጥ። ስልኩ አላረፈም፤ ግን ስለ ሦስተኛዋ የደወለ አንድም የለም። አንዱ የማተሚያው ወረቀት ስላለቀ ይጮኻል። አንዷ የይለፍ ቃሏን ረስታ፣ የረሳችው በኮምፒውተር ክፍሉ ምክንያት እንደሆነ ታስረዳለች። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆኖ አየር ማቀዝቀዣው ማንጠባጠብ ጀመረና ባልዲ ደቀነች። በዚህ መሃል የማጽጃው ፎርም ላይ «ዕቃችንን አውጥተናል» ብለው የፈረሙት ሰባት ክፍሎች ዘንድ በየተራ ደወለች።

«የራጁን ሁሉ አውጥታችኋል?»

«ፈርመናል እኮ» አለ የራጁ ሰው።

«መፈረማችሁን አይቻለሁ። አውጥታችኋል ወይ ነው የምልህ።»

«ባናወጣ እንፈርም ነበር?»

«ከፍተህ አይተሃል?»

«እንዴ! ፈርመናል አልኩሽ!»

ስልኩን ስትዘጋው ጠረጴዛው ዘለለ። ሰባቱም መልሳቸው አንድ ዓይነት ነበር። ንብረት ክፍል ያለው ደግሞ «እኔ ዘንድ የሚመጣ ወረቀት ሁሉ ይፈረማል፤ ችግር አለ?» ብሎ ጭራሽ ጨጓራዋን ላጠው።

ረቡዕ ጠዋት አለቃዋ መጣ።

«ማን ጮኸ?»

«ማንም።»

«እንግዲያው!» አለና እጆቹን አሻሸ።

እንግዲያውማ የምትዘገይበት ሌላ ምክንያት አልነበራትም። ሦስተኛዋን ከሣጥኑ ስባ አወጣቻት። የኖዷ ዲስኮች ሁለት ናቸው፣ መንታ፤ በአንዱ የተጻፈው በሌላውም ይጻፋል። አንዱን አውጥታ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠችና ሌላውን ማጽዳት ጀመረች። ስክሪኑ ላይ አራት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ይቀረዋል ይላል።

«ሁለቱንም በአንድ ላይ ቢያስጀምሩስ? በግማሽ ጊዜ ያልቅ ነበር» አለ አለቃዋ።

«አይሆንም።»

«ለምን?»

ለምን እንደሆነ በደንብ አታውቀውም። ልማዷ ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለችው።

«እትዬ፣ ይኼ እህል አይደለም።»

«እህልማ ቢሆን ይለቀም ነበር፣ ልጄ።»

ልጄ መባሉን ሲሰማ አለቃዋ አየሩን ተረዳና ወጣ።

እኩለ ቀን ላይ ማራገቢያዎቹን ልታጸዳ ስትል ንፋስ መንፊያዋ እንቢ አለ። አጓርቶ፣ አስሎ፣ ዝም። ረገመችው፤ የገዛውንም ረገመችው። አየር የሚገፋ ጥሩ ኮምፕረሰር ያለው ምድር ቤት፣ ሰው ሠራሽ እግር የሚሠሩበት ክፍል ነው። የኖዷን ማራገቢያዎች በካርቶን ይዛ ወረደች። ሊፍቱ እንደ ልማዱ አይሠራም።

ምድር ቤቱ ጄሶና ቆዳ ይሸታል። እግር ሠሪው፣ ሁሉም «ጋሼ» የሚሉት ሽበታም ሰው፣ በርከክ ብሎ የአንዲት ሰባት ዓመት የሚሆናት ልጅ ጭን በልብስ ሰፊ ሜትር እየለካ ነው። ልጅቱ በሜትሩ ላይ ያለውን ቁጥር በጣቷ ትከተላለች። ቁጥሩን የሚጽፈው በካርቶን ቁራጭ ጀርባ ላይ ነው። እናትየው እጇን ወገቧ ላይ አድርጋለች።

«ባለፈው ለክተዋት የለ እንዴ? ከዚያም በፊት? ሁለት መኪና ቀይረን ነው እኮ የመጣነው!»

«ይቅርታ፣ እመቤት። የድሮው ልኬት ጠፍቷል። እንደ አዲስ እንጀምራለን።»

ማራገቢያዎቹ በካርቶኑ ውስጥ ተንኳኩ። ወደ እሱ አንድ እርምጃ ተራምዳ ነው።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው የጠፋው?»

ቀና ብሎ አያት፤ ሰላምታ ሳይሰጣት መልስ መስጠት ነውር ስለሚመስለው መጀመሪያ ብድግ አለ፣ ጎንበስ አለ፣ ደህንነቷን ጠየቀ። እሷ እሳት ላይ ቆማለች።

«የሰዎቹ ልኬት ነው» አለ በመጨረሻ። «የአራት መቶ አሥራ አንድ ሰው። በተለይ የልጆቹ… ልጅ ያድጋል፤ በየአራት ወሩ እለካለሁ። ምን ያህል እንዳደገ ካላወቅኩ ለሚቀጥለው ምን ያህል ቦታ እንደምተውለት አላውቅም። ሰኞ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ልከፍተው ስል እንቢ አለ።»

«የት ነበር የሚቀመጠው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ጡረታ የወጣው ያንቺ ባልደረባ ነው ያስገባልኝ። ‹ራጅ ሰፊ ቦታ አለው፣ እዚያ ጥግ ላይ አስቀምጥልሃለሁ› አለኝ።»

ሰኞ ሦስት ሰዓት ገመዱን የነቀለችበት እጇን አየችው። ከዚያ ንዴቷ ወጣ፤ መውጫ ያገኘው ግን በማይገባው ሰው ላይ ነው።

«ታዲያ ለምን አልጮኹም? ሦስት ቀን! ሦስት ቀን ሙሉ እኮ ጩኸት ስጠብቅ ነው የከረምኩት! አንድ ቃል! አንድ ስልክ!»

ልጅቱ ወደ እናቷ ተጠጋች። እግር ሠሪው ሜትሩን በጣቱ ላይ ጠቀለለ፣ ፈታ፣ ጠቀለለ።

«ለማን?» አለ።

ግድግዳው ላይ ያለውን ስልክ አሳያት። ጄሶ ገብቶበት ከሞተ ዓመት አልፎታል፤ ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጽፎበታል። «ደግሞ» አለ፣ እንደማፈር ብሎ፣ «ተነሥቶ ይሆናል አልኩ። የኛ ነገር ሲነሣ ማንም አይነግረንም። ባለፈው የታካሚዎቹን አግዳሚ ወሰዱት። ከዚያ የኮሪደሩን አምፖል። አሁን ይኼን። እና ሜትሬን አነሣሁ። እስከ ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ሰው ለክቻለሁ።»

ሰባቱ ክፍሎች ትዝ አሏት። ይህ ክፍል ከሰባቱ ውስጥ የለም። በወረቀት ላይ የሚተዳደረው በንብረት ክፍል ሥር ነው፤ ንብረት ክፍል ደግሞ የመጣለትን ሁሉ ይፈርማል።

«ልጅቷን እንዳይለኳት!» አለች። «እዚሁ ይጠብቁኝ።» ካርቶኑን ጥላ ደረጃውን ተያያዘችው።

አምሳ አንድ ዓመት ለሞላት ጉልበት አራት ፎቅ ቀልድ አይደለም። በእያንዳንዱ ደረጃ አንድ ነገር ታስባለች፦ ጠረጴዛው ላይ ያለው ዲስክ። መንታው። እዚያው ነው ያስቀመጥኩት። ማንም አይነካውም። ማን ይነካዋል?

በሩን ስትከፍት አለቃዋ ወንበሯ ላይ ተቀምጧል። ጠረጴዛው ባዶ ነው። ሁለተኛው ዲስክ ኖዷ ውስጥ ተሰክቷል።

«ልርዳዎት ብዬ ነው፣ እትዬ» አለ ፈገግ ብሎ። «ሁለተኛውን ላስጀምረው ስል የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ወረቀት የተጻፈው አልሠራም። ስንት ነው?»

የይለፍ ቃሉን የቀየረችው ጠዋት ነው። ያገለገለች ኖድ ስትመጣ መጀመሪያ የምትቀይረው እሱን ነው፤ እዚህ ቤት ወረቀት ላይ ያልተጻፈ ብቸኛው ነገር እሱ ነበር።

«ከወንበሩ ተነሣ፣ ልጄ።»

«እትዬ፣ ዓርብ…»

«አይሆንም!»

ኮሪደሩ ላይ የሚያልፉ ሰዎች ቆሙ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ብዙ ጊዜ ብላዋለች፤ እንዲህ ግን ብላው አታውቅም። አለቃዋ ተነሣ።

ዲስኩን አውጥታ ሌላ ማሽን ላይ ሰካችው። ከራጁ ሥር፣ ማንም በማያይበት ጥግ፣ «እግር» የሚል ፎልደር ተኝቷል። ከፈተችው። አለቃዋ በትከሻዋ ላይ ሆኖ ያነብባል፤ ቁመት፣ ዙሪያ፣ ቀኝ፣ ግራ። አንዷ ልጅ ከሦስት ዓመቷ ጀምሮ በየአራት ወሩ ተለክታለች፤ ከአንዳንዱ ቁጥር ጎን «ዛሬ ሮጠች» የሚል ተጽፏል። ቅጂው እየተወሰደ እያለ አለቃዋ ወንበር ስቦ ከጎኗ ተቀመጠና እየተከተለ አነበበ።

«የክፍሎቹን ዝርዝር ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ።»

«ምድር ቤት ሰው እንዳለ…» አልጨረሰውም። «ማዋለጃ ክፍል ሄጄ ልንገራቸው፤ ትንሽ ይዘገያል ልበላቸው።»

«ይሂዱ፣ ክቡር ኃላፊ» አለችው። ቁጣዋ አልበረደም፤ ግን ግማሹ የራሷ እንደሆነ አውቃለች። እሱ ወረቀት አመነ፤ እሷ ጩኸት አመነች። ሁለቱም ከወንበራቸው አልተነሡም።

ቅጂውን በፍላሽ ይዛ ወረደች፤ ለጊዜው የእግር ሠሪው ኮምፒውተር ላይ አስገባችለት፤ ሌላ ቅጂም አስተማማኝ ቦታ እንዳስቀመጠች ሁለት ጊዜ ነገረችው። እግር ሠሪው መነጽሩን አድርጎ የልጅቱን መዝገብ ከፈተና ከእናትየው ጋር ቁጥሩን አነበቡ። ሁለት ሴንቲ ሜትር ከግማሽ አድጋለች። ልጅቱ ጮኸች፤ የደስታ ነው።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ እግር ሠሪው ጎንበስ ብሎ።

«አያመስግኑኝ! ይቆጡኝ! በዚህ በዚህማ ቢቆጡ ምን አለበት?»

ሊቆጣ ሞከረ። ቅንድቡን ሰበሰበ፤ አልሆነለትም። «ማራገቢያሽን ልንፋልሽ?» አለ።

ያን ቀን ገና ሳይመሽ ቤቷ ስትደርስ አባቷ በረንዳው ላይ ቆመዋል፤ አንድ እጃቸው በብረቱ ላይ፣ ሌላው በምርኩዛቸው። እናቷ ካረፉ ወዲህ ከእነሱ ጋር ነው የሚኖሩት። ሰላም ብላቸው ልታልፍ ስትል ተመልሳ ዞር አለች። ትናንትም ቆመው ነበር። ከትናንት ወዲያም። ሳምንቱን ሙሉ ከሥራ ስትመጣ ቆመው ነው ያገኘቻቸው፤ አይታቸው ነበር፣ ግን አላየቻቸውም።

«አባባ፣ ለምን ይቆማሉ?»

«መንገዱን አያለሁ። አንቺ ስትመጪ ከዚህ ነው የምትታዪው።»

«ወንበሩን ፈልገውት ነበር?»

ምርኩዛቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «አይ… ክንዱም ተሰብሯል። ይነሣ ብለሽ ይሆናል አልኩ እንጂ።»

ያቺን ቃል ዛሬ ምድር ቤት ሰምታታለች። ዕቃ ቤት ገብታ ወንበሩን ከሣጥኖች ሥር ጎትታ አወጣች፤ ጠረገችው፤ ቦታው ላይ አስቀመጠችው። አባቷ «ወገብሽን» እያሉ ከኋላ ተከተሏት። ከተቀመጡ በኋላ ረዘም ላለ ጊዜ ጉልበታቸውን አሹ።

ሦስተኛዋ ኖድ ዓርብ ጠዋት ሳይሆን ከሰዓት በኋላ ማዋለጃ ክፍል ሥራ ጀመረች። ለዚያች ግማሽ ቀን ዋና አዋላጇ የጮኸችው ጩኸት ሦስት ፎቅ ተሰማ። በማጽጃው ፎርም ላይ ከሰባቱ ክፍሎች በታች ስምንተኛ መስመር በእጅ ተጽፎበታል፤ «ከምድር ቤት ጀምሮ በየበሩ ሄዶ መጠየቅ»። አለቃዋ አንብቦት ስንት ቀን እንደሚፈጅ ሳይጠይቅ ፎርሙን መለሰላት።

ቅዳሜ አሮጌ ዕቃ ገዥው በሰዓቱ መጣ። ባሏ የተሰበሰበውን አስረከበው፤ ሰውየው ዓይኑን ወደ በረንዳው ወረወረ።

«ይቺ ወንበርስ? ትሄዳለች?»

መልሱ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው። የዕቃ ማጠቢያውን ቧንቧ ዘግታ ወደ በረንዳው በር ተጠጋችና ቆመች። አባቷ ሰውየውን አዩት፣ ወንበሩን አዩት፣ የተሰበረውን ክንድ ዳበሱ።

«ይኼ እንኳን… የኔ ነው» አሉ።

ድምፃቸው በጣም ትንሽ ነበር። በሩ ላይ ባትቆም ኖሮ አትሰማውም ነበር።